ጎመን፣ ሁዳዴና የልቤ ቫልቭ

ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ልቤ ይሰማል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ልጄ ትንሽ ሳለች «እማዬ፣ ሰዓት ውጠሻል እንዴ?» ትለኝ ነበር። ይህን ድምፅ የሚያሰማው ሰው ሠራሽ ቫልቭ፣ ማለትም የልብ በር፣ የገባልኝ በ2005 ዓ.ም. ካርቱም፣ ሰላም የልብ ሕክምና ማዕከል ነው። በልጅነቴ በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ሩማቲክ የሚባለውን የልብ በሽታ አምጥቶ ሚትራል የሚባለውን ቫልቭ አበላሽቶት ነበር። አዲሱን «የብረት» እንለዋለን እንጂ ዋናው ነገሩ ካርቦን ነው። አሪፍ ይሠራል። አንድ ጣጣ ግን አለው፤ ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ይወዳል። የረጋችው ቁራጭ ተነቅላ ወደ አንጎል ከሄደች ስትሮክ ነው። ዋርፋሪን የሚባለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኪኒን ዕድሜ ልክ የሚዋጠው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ ላይ ተሸወድኩ። ቡና እየጠጣን ሲኒው ከቀኝ እጄ ወደቀ። «ውይ» ልል ስል ምላሴ ተሳሰረ። ጎረቤቴ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ልጭመቅልሽ» አለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ። በማግስቱ ክሊኒክ ስሄድ አይ ኤን አር የሚባለው የደም መርጋት መለኪያ ቁጥሬ ወርዶ 1.4 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ «የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ቢለቅሽም ያኔውኑ መምጣት ነበረብሽ» አለችኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ምሳም እራትም ጎመንና ቆስጣ ነበር። በዚያ ላይ ፀበል ስሄድ ኪኒኑን ሦስት ቀን ቤት ትቼው ነበር።

እንግዲህ የብረት ቫልቭ ያላችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ ቁጥራችሁን እወቁ። አይ ኤን አር ደማችሁ ለመርጋት ምን ያህል እንደዘገየ ይናገራል። እንደኔ ሚትራል ላይ የብረት ቫልቭ ላለው ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው የሚፈለገው። አኦርቲክ የሚባለው ቫልቭ ላይ ከሆነና ሌላ ችግር ከሌለ ከ2 እስከ 3 ይበቃል። የእናንተን ሐኪማችሁ ይንገራችሁ፣ እናንተም ጻፉት። እኔ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለኝ። ቀን፣ ቁጥር፣ የኪኒን መጠን፣ አዲስ የወሰድኩት መድኃኒት። ነርሷ ስታየው ትስቃለች፣ ግን ሁሌም «አምጪው» ትላለች።

ኪኒኑን ማታ 2 ሰዓት፣ ዜና ሲጀምር እውጣለሁ። ከረሳሁና በዚያው ቀን ካስታወስኩ እወስደዋለሁ። ካደረ ግን አለፈ፤ ሁለት ደርቦ መዋጥ የለም። ዛሬ የዋጣችሁት ቁጥሩ ላይ የሚታየው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በገዛ እጃችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ። ፀበል ስትሄዱም ኪኒኑ አብሮ ይሂድ። ቄሱንም ጠይቄያለሁ፣ «ማን ከለከለሽ?» ነው ያሉኝ።

አሁን ወደ ጎመኑ። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ፤ እሱ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። ታዲያ ጎመን ይቅር ማለት አይደለም። ሐኪሞች የሚጨነቁት አንድ ሳምንት በብዛት በልታችሁ በሚቀጥለው ስትተዉት ነው። እኔ ጾምም ይሁን ፍስክ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ጭልፋ እበላለሁ። ሌላው ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ስለሆነ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት እለካለሁ። ከፋሲካ በኋላም እንደገና። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን የኋለኛውን ነው፤ ጎመኑ ድንገት ሲቀር ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠጅና አረቄ ሲበዛበት ደግሞ ይብሳል። ያኔ የሚያሰጋው ደም መፍሰስ ነው።

ፋርማሲ ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያደማሉ። ፍላጅልና ባክትሪም የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ቁጥሩን ይሰቅሉታል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ክፉኛ ይጥለዋል። ቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ቶሎ ቶሎ መለካት አለበት። ማርገዝ የምታስቡ ደግሞ ከመፀነሳችሁ በፊት ተመካከሩ፤ ዋርፋሪን ጽንስ ሊጎዳ ይችላል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ «እዚህ ደም መለካት የማይፈልግ ኪኒን አለ፣ ልላክልሽ?» ብላኝ ነበር። ለእኛ አይሆንም። ከእነዚያ ኪኒኖች አንዱ፣ ዳቢጋትራን፣ በብረት ቫልቭ ላይ ተሞክሮ መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ጥናቱ ሳያልቅ ቆሟል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ።

ጥርስ ከመነቀላችሁ በፊት ቫልቭ እንዳላችሁ ተናገሩ፤ አስቀድሞ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ አለ። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲሰነብትባችሁም ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ አትሸፋፍኑት። ቫልቩ አመርቅዞ ከሆነ ደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳየው የደም ካልቸር ምርመራ መቅደም አለበት፤ ከዚያ የሚነቀለው ቁራጭም አንጎል ይደርሳል።

ስትሮክ ከመጣስ? ፊት ወደ አንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ አነጋገር ሲኮላተፍ ሰዓቱን እዩ። ሰውየው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ስንት ሰዓት ነበር? ይህ ጥያቄ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብዙ ይወስናል። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዘገየ ታክሲም ይሁን። በአፍ ምንም አትስጡ፣ ውኃም ሊያንቅ ይችላል። አስፕሪንም አትስጡ፤ መርጋት ይሁን መድማት ሲቲ ስካን ሳይነሱ ማንም አያውቅም።

መርጋት ከሆነ የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሰውየው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አይ ኤን አር ከ1.7 በላይ ከሆነ ግን አይሰጥም። መሣሪያውና ባለሙያው ባለበት ቦታ በብሽሽት በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ የረጋውን ጎትቶ ማውጣት ይቻላል፤ ዋርፋሪን መውሰድ ብቻውን ይህን አይከለክልም። መድማት ከሆነ የዋርፋሪኑን ኃይል በቫይታሚን ኬና በደም ተዋጽኦ ይመልሱታል። መቼ እንደገና እንደሚጀመር ሐኪሞቹ ይወስኑ። ብቻ ተደናግጣችሁ ለዘለቄታው እንዳታቆሙት፤ ቫልቩ አሁንም እዚያው ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ካርድ አለ፦ «ሜካኒካል ሚትራል ቫልቭ፣ ዋርፋሪን» የሚል፣ ከመጨረሻው ቁጥሬ ጋር። ፎቶው ባለቤቴ ስልክ ላይም አለ። ጎረቤቴ ደግሞ 907ን በትልቁ ጽፋ ከረከቦቷ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች።