የሞዴል ባቡር ሐዲድ ጣውላ ላይ ሲያያዝ፦ ሚስማር፣ ማሸጊያ ወይስ ኮላ?

የሞዴል ሐዲድ ብዙ ክብደት አያርፍበትም። ሎኮሞቲቩ ራሱ ጥቂት መቶ ግራም ነው። ስለዚህ ሐዲዱ ከቦታው እንዳይሸሽ የሚይዘው ነገር ይበቃዋል፤ እንደ በር መቃን መቸንከር አያስፈልገውም። ባቡሩ ከሐዲድ ሲወጣ ብዙ ሰው ሐዲዱ ላልቶ ነው ብሎ ሚስማሩን ይበልጥ ይመታል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከልክ በላይ የተመታው ሚስማር ነው ሐዲዱን ያጣመመው።

እዚህ የተጠቀሱት ልኮች ለኤችኦ ሚዛን፣ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ለሚያንሰው (1፡87) ሞዴል ናቸው። በብረቶቹ መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአሁኑን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር የሚወክል ነው። የድሮውን የለገሃር መስመር በዚሁ ሚዛን መሥራት የሚሻ ግን 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ይፈልጋል፤ ያኛው ባለ 1 ሜትር ነበርና።

ከሁሉ በፊት ጣውላው። ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ ሚስማርንም ማጣበቂያንም ይቀበላል። ኤምዲኤፍ እና ቺፑድ ለቀጭን ሚስማር ጠንካራ ስለሆኑ ሚስማሩ ይታጠፋል። ፎም ደግሞ ሚስማር አይዝም፤ እዚያ ላይ ማጣበቂያ ብቻ ነው የሚያዋጣው፣ እሱም ቲነር መሰል ማሟሚያ የሌለበት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ፎሙን ይበላዋል። ጣውላው ላይ 3 ሚሊ ሜትር የቡሽ ንጣፍ አንጥፉ። ለሁለት የተሰነጠቀውን ቡሽ በእርሳስ ካሰመራችሁት የመሃል መስመር ግራና ቀኝ በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፉ፤ ሲደርቅ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ቡሹ ላይ የቀረ ትንሽ ጉብታ በኋላ ሐዲዱ ላይ ይወጣል።

በሚስማር ለመያዝ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን የሐዲድ ሚስማር ይሆናል። ሁለቱን ብረቶች ከሥር ከሚይዘው አግዳሚ ፕላስቲክና ከቡሹ አልፎ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትሩ እንጨት ውስጥ ይገባል። አግዳሚው መሃል ላይ በ0.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ፤ ሳይበሱ መምታት ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ሚስማሩን በመዶሻ ከመምታት በሹል ፒንሳ ይዞ መግፋት ይሻላል። የሚስማሩ ራስ አግዳሚውን ከመንካቱ በፊት፣ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት ሲቀር አቁሙ። ከዚያ ካለፈ የአግዳሚው መሃል ይሰምጣል፣ ብረቶቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ 16.5 የነበረው ይጠብባል፣ መንኮራኩሩም ብረቱ ላይ ይወጣል። ቀጥ ባለ መስመር በየ20 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሚስማር ይበቃል፤ ኩርባ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ አድርጉት። የሚስማር ጉድለቱ ድምፅ ነው፤ ቡሹ ሊያፍነው የሚገባውን ንዝረት ብረቱ ቀጥታ ወደ ጣውላው ያወርደዋል።

ለቋሚ መስመር የምንመርጠው በቱቦ የሚሸጠውን አክሪሊክ ማሸጊያ ነው። ሲሊኮን አትግዙ፤ ቀለምም ሆነ ነጭ ኮላ አይዝበትም፣ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ብረት ያበላሻል። ማሸጊያውን ቡሹ ላይ አንድ መስመር አፍስሱና የቡሹ ቀለም ከሥሩ እስኪታይ ድረስ በስፓቱላ አሳሱት። በአግዳሚዎቹ መካከል ብቅ ካለ በዝቷል ማለት ነው። ሐዲዱን ጫኑበት፣ ቶሎ አስተካክሉት፤ ላዩ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ መያዝ ስለሚጀምር ከአንድ ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ አትቀቡ። ከዚያ የምግብ ጣሳዎች ደርድራችሁበት ይደር። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ቀጭን ስፓቱላ ከሥሩ ስታስገቡ ሳይሰበር ይነሳል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግሩት መቀየሪያዎች ላይ ጥንቃቄ ይጨመር። ሁለቱን ተንቀሳቃሽ ምላሶች ከሚያያይዘው ዘንግ ግራና ቀኝ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ማጣበቂያ አይንካ። ሞተር ከሥር የሚገጠም ከሆነ ቀዳዳውን ሐዲዱን ከመለጠፍ በፊት ብሱ። በጫፎቹ ካሉት ሐዲዶች ጋር ስለሚያያዝ መቀየሪያው ጨርሶ ባይለጠፍ እንኳ ቦታውን አይለቅም።

ተለማጭ ሐዲድ፣ ማለትም በእጅ የሚጎብጠው ረጅም ሐዲድ (ብዙውን ጊዜ 914 ሚሊ ሜትር ነው) ሲጎብጥ የውስጠኛው ብረት ወጣ ይላል፤ እሱን ቆርጣችሁ ጫፉን በሞረድ አለስልሱ። ሁለት ሐዲዶች ኩርባ ላይ የሚገናኙ ከሆነ ግን መጀመሪያ ቀጥ እንዳሉ አገናኝታችሁ በሊድ በይዷቸው፣ ከዚያ አጉብጧቸው። እንዲህ ካልተደረገ መጋጠሚያው ላይ ማዕዘን ይፈጠራል። የኩርባው ራዲየስ ከ457 ሚሊ ሜትር ባያንስ፣ ረጃጅም ፉርጎዎች ካሏችሁም 610 ቢሆን ይመረጣል።

ቀጥ ያሉትን መጋጠሚያዎች ሁሉ አትበይዱ። የ20 ዲግሪ የሙቀት ለውጥ አንድ ሜትር ሐዲድን 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ያስረዝመዋል፤ እንጨቱ ደግሞ በደረቅ ወቅት ይኮማተራል። ሁለቱ ሲደመሩ መውጫ ያጣ ብረት ይጎብጣል። ባልተበየደ መጋጠሚያ ሁሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ኤሌክትሪኩ እንዳይቋረጥ ለእያንዳንዱ ሐዲድ የራሱን ሽቦ ከመለጠፉ በፊት በይዱለት።

በአግዳሚዎቹ መካከል ጠጠር ከመፍሰሱ በፊት ዓይናችሁን ወደ ሐዲዱ ከፍታ ዝቅ አድርጋችሁ በርዝመቱ ተመልከቱ፤ ከላይ የማይታይ ጥምዝ ከዚያ ይታያል። ጣታችሁን በየመጋጠሚያው አሳልፉ፤ የሚቆረቁር ካለ በሞረድ ይነካ። ቀጥሎ ረጅሙን ፉርጎ ወደፊት መጎተት ብቻ ሳይሆን ወደኋላ ግፉት፤ ሲጎተት ያልታየ ስህተት ሲገፋ ይወጣል። ጠጠሩን አንድ እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ አጣብቁት። ይህ ከደረቀ በኋላ ሐዲዱን ለማንሳት ሙቅ ውሃ አፍስሶ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ግድ ነው፤ ከመቀየሪያው ምላሶች ሥር ከገባ ግን ሙቅ ውሃም ሁልጊዜ አያድነውም።