ቆፋሪው ያልታወቀ ጉድብ እንዴት ይነበባል?

ካምብሪጅ ከመጣሁ ወዲህ እረፍት ሳገኝ የምሄደው ዴቭልስ ዳይክ ነው። የሰይጣን ጉድብ እንደማለት ነው። ከሪች መንደር ተነስቶ እስከ ዉድዲተን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በአንድ በኩል ጉድብ፣ በሌላ በኩል ከጉድቡ የወጣው አፈር ክምር። የድሮ ሰዎች ማን እንደሠራው ሲጠፋቸው ለሰይጣን ሰጡት። እኔ ይሄ ስም ያንገበግበኛል። የሰው ላብ እኮ ነው።

ከሪች ጀምሩ። መሬቱ ጠመኔ ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ደህና ጫማ አድርጉ። የእግር መንገዱ በክምሩ አናት ላይ ነው የሚሄደው። ግን መውረድ የሚቻልበት ቦታ ስታገኙ ጉድቡ ውስጥ ውረዱና ቀና በሉ። ከፍ በሚልበት ቦታ ከወለሉ እስከ አናቱ 10 ሜትር ገደማ ነው። አሁን ሳር ለብሷል። ያኔ ግን ገና የተቆፈረ ጠመኔ ነው፤ ነጭ ግድግዳ ፊታችሁ ቆሞ አስቡት።

ቀጥሎ አፈሩ ወዴት እንደተጣለ እዩ። አባቴ ወሎ ውስጥ እርከን ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግኩት። አፈሩን ወደ ላይኛው በኩል ይደለድል ነበር፣ ማሳው እንዳይታጠብ። አካፋው አፈሩን የጣለበት አቅጣጫ የቆፋሪውን ሐሳብ ይናገራል። እዚህ አፈሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጥሏል። ከሪች ስትመጡ ጉድቡ በቀኛችሁ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ክምሩ መከለያ፣ ጉድቡ ደግሞ ከፊት ያለ ወጥመድ ነው። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ከክምሩ በስተጀርባ፣ ማለትም ከምሥራቅ አንግልያ (ከጉድቡ በስተምሥራቅ ካለው አገር) ወገን ነበሩ፤ የሰጉትም ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን ነው።

ከዚያ ጫፎቹን ተመልከቱ። የሪች ጫፍ ድሮ ረግረግ ላይ ነበር የሚያልቀው። የዉድዲተን ጫፍ ከባድ ሸክላ አፈርና ጫካ ላይ። መሀሉ ገላጣ ሜዳ ነው፤ አይክኒልድ ዌይ የሚባለው ጥንታዊ መንገድም በዚያ ያልፍ ነበር። ያለውን አንድ በር ነው የዘጉት!

ዕድሜውን የሚነግረው ከሥሩ ያለው ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አርኪዮሎጂስቱ ሲሪል ፎክስ ሲቆፍር ከክምሩ ሥር የሮማውያን ዘመን ቁሳቁስ አገኘ። ስለዚህ ከዚያ በፊት አልተሠራም። በሌላ በኩል የአንግሎ ሳክሰን ዜና መዋዕል፣ የድሮ እንግሊዞች የየዓመቱ መዝገብ፣ በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለነበረ ዘመቻ ሲያወራ በዚህ አካባቢ ያሉትን ጉድቦች ይጠቅሳል። ብዙ ተመራማሪዎች ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ያደርጉታል። የትኛው ንጉሥ አዘዘ፣ በማን ላይ ነው የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። እኔ የከብት ዘረፋም ያስጨነቃቸው ይመስለኛል። 12 ኪሎ ሜትር ሙሉ ዘብ ማቆም ከባድ ነው። የተዘረፈ ከብት ግን ይህን ክምር ተሻግሮ ጉድብ ውስጥ መንዳት አይሞከርም።

ስባሪ ሸክላ ካያችሁ ፎቶ አንሱና እዚያው ተዉት። ከተነሣ ከየትኛው አፈር እንደወጣ የሚያውቅ አይኖርም።

ዉድዲተን ስትደርሱ መመለሻ እንደልብ አይገኝም። እኔ አንዴ እስከ ኒውማርኬት ባቡር ጣቢያ በጨለማ በእግሬ ሄጃለሁ። ታክሲ ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ያዙ።