ራም ወይም ዲስክ ከቀየሩ በኋላ ባዮስን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

አዲስ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ወይም ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) ገጥመው ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ፣ ዕቃው ብልሽት አለበት ብለው አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው በጥቂት ደቂቃ የሚጨርሱት ነው።

ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። ባዮስ ውስጥ ገብተው (መግቢያው ቀጥሎ አለ) ገጾቹን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ዊንዶውስዎ በቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ባዮስ ሲነካካ ቢትሎከር ይህን ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሎችዎን አያገኟቸውም፤ እባክዎ ይህን አይዝለሉት።

ዕቃውን ከገጠሙ በኋላ ያብሩና ባዮስ ውስጥ ለመግባት ወዲያው ዴሊት (Delete) ወይም ኤፍ2 (F2) ቁልፍን ደጋግመው ይጫኑ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍ10 ነው። ራሙ ዲዲአር5 (ከዲዲአር4 ቀጥሎ የመጣው ዓይነት) ከሆነ ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጨልሞ ሊቆይ ይችላል። ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ከራሙ ጋር እየተላመደ ስለሆነ ታግሰው ይጠብቁ፤ አያጥፉት።

ሲገቡ ምንም ሳይነኩ መጀመሪያ የራሙን መጠን ይመልከቱ። 8 ጊጋ ላይ 8 ጨምረው አሁንም 8 ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ችግሩ በባዮስ ማስተካከያ አይፈታም። ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ ራሙን አውጥተው ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል መልሰው ይጫኑት። አራት ስሎት (የራም መሰኪያ) ካለና ራሙ ሁለት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ነው።

መጠኑ ልክ ከሆነ ፍጥነቱን ያንብቡ። 3200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ራም 2133 ላይ ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። ኤክስኤምፒ (XMP) የሚለውን፣ ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራውን ምርጫ፣ ያብሩት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በየመሃሉ መጥፋት ከጀመረ ኤክስኤምፒን መልሰው ያጥፉት፤ ከፍጥነት እርጋታ ይበልጣል።

ዲስክ ከጨመሩ ኮምፒውተሩ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ ወደሚወስነው ቡት (Boot) ገጽ ይሂዱ። ባዶው ዲስክ ከፊት ተሰልፎ ከሆነ ዊንዶውስን የሚያስነሳውን ዊንዶውስ ቡት ማናጀር 1ኛ ያድርጉት። አዲስ ኤም.2 (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ቀጭን ዲስክ) ሲገጠም የድሮው ሳታ ዲስክ (በገመድ የሚያያዘው) ባዮስ ላይ ከጠፋ ደግሞ አይደንግጡ። በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ አንድ መስመር ይጋራሉ፤ የሳታ ገመዱን ወደ ሌላ ቀዳዳ ይቀይሩት። ኤኤችሲአይ (AHCI) ወይም ሬድ (RAID) የሚለውን፣ ኮምፒውተሩ ዲስኮቹን የሚያነብበትን ስልት የሚወስነውን ምርጫ ግን እንዳለ ይተዉት። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ከተቀየረ ሰማያዊ ስክሪን ሊያመጣ ይችላል።

ራሙን ወይም ዲስኩን ሲገጥሙ ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ሞኒተር የሚልከውን ካርድ) ካወጡ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩ። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ምስል አይመጣም።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። በኤፍ10 ሴቭ አድርገው ይውጡና ውጤቱን ይዩ። ጭራሽ አልነሳ ካለ አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምትመስል ሲአር2032 ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥተው ይመልሱ። ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለሳል፤ ያነሱት ፎቶ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ቀኑንም ያስተካክሉ፤ ቀኑ ከተዛባ ብዙ ድረ ገጾች አልከፍት ይላሉ።