እንቅልፍ የሚነሳው አምፖል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ደሴ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ መስመር ስዘረጋና አምፖል ስቀይር ዓመታት አለፉ። ሰው የሚጠራኝ «መብራቱ እምቢ አለ» ብሎ ነው። መሰላል ላይ ወጥቼ ሳለሁ ግን ከታች «እኔንም እኮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» የሚል ይመጣል። ስለ ብሬከርና ስለላላ ፖርታላምፓ እዚህ አላወራም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። የማወራው በደንብ እየበራ ሰው ስለሚያስቸግር መብራት ነው።

ምልክት፦ 4 ሰዓት አልፎም ዓይን አይከደንም፤ አልጋ ላይ መገላበጥ ነው፤ ጠዋት ግን መነሳት ሞት ይሆናል።

ምክንያት፦ ከ10 ቤት በአብዛኛው የማገኘው አንድ ነገር ነው። ኮርኒሱ መሐል ያለሽፋን የተንጠለጠለ፣ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የተጻፈበት ነጭ አምፖል። 6500 ማለት የቀትር ሰማይ ቀለም ነው። የድሮው ባለክር አምፖል 2700 ገደማ ነበር፤ ኩራዝ ደግሞ ከዚያም በታች ነው። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ሰውነት ሌሊቱን መቀበል ይጀምራል፤ እኛ ግን ማብሪያውን ቀጭ እናደርግና ቀትርን መልሰን እንጠራዋለን።

ዓይናችን ውስጥ ከማያ ሕዋሳት ሌላ፣ «ብርሃን አለ» ብለው ለአንጎል ሰዓት የሚነግሩ ሕዋሳት አሉ። በደንብ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። አብልጦ የሚቀሰቅሳቸው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 480 ናኖሜትር አካባቢ የሆነው። እነሱ ሲነቁ ሜላቶኒን የተባለው የሌሊት ሆርሞን ይዘገያል። የኤልኢዲ ነጭ አምፖል ሽፋኑ ሲነሳ ውስጡ ቢጫ ነጥብ ነጥብ ይታያል፤ ከቢጫው ሥር ያለችው ቺፕ ግን ሰማያዊ ናት። ቢጫው ቅብ ሳሳ ካለ ሰማያዊው ይበዛል፤ ነጭ የምንለው እሱን ነው። ቅቡ ወደ ብርቱካን የሚጠጋው ሞቅ ያለውን ይሰጣል። (ሽፋኑን አንስታችሁ አታብሩ። ውስጡ 220 ቮልት ነው።)

ሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ለወራት ቡናውን ሲከሱ ነበር። «ልጄ፣ በረካው ነው እንቅልፌን የወሰደው» ብለው የማታ ቡናቸውን ተዉት። ወሎዬ የማታ ቡና ሲተው ምን ያህል እንደተቸገረ አስቡት! እንቅልፉ ግን አልመጣም። ክፍሏ 3 በ4 ብትሆን ነው፤ ግድግዳው በነጭ ዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፣ ከላይ ደግሞ የ18 ዋት ነጭ አምፖል። ሱቅ እንጂ መኝታ ቤት አይመስልም ነበር።

መፍትሄ፦ ብሬከሩን አጥፉ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አትመኑ። አምፖሉን በ2700 ወይም በ3000 ኬልቪን፣ ማለትም ሞቅ ባለው ቢጫ ቀይሩ። ለትንሽ መኝታ ቤት ከ5 እስከ 7 ዋት ይበቃል፤ 9 ዋቱ የድሮውን 60 ዋት ያህል ያበራል። ከተቻለ ከኮርኒስ አውርዳችሁ ከአልጋው ጎን ዝቅ ብሎ ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ለመተኛት 3 ሰዓት ሲቀር ጀምሮ የላዩ ይጥፋ፣ የጎኑ ይብራ። 4 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው። ይህ ቀልድ መስሏቸው የሚስቁብኝ አሉ።

ስትገዙ ካርቶኑን አትመኑ። «ዋርም» (ሞቅ ያለ) ተብሎ ተጽፎበት ሲበራ እንደ ፓውዛ የሚያፈጥ ስንቱን መለስኩ! ሱቁ ውስጥ ካለው ነጭ አምፖል አጠገብ አስበርታችሁ እዩ፤ ልዩነቱ ከሩቅ ይለያል። ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ቀለሙ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። አንድ ጋሼ መክሬአቸው ቢጫውን ገዙ፤ ግን አራት ገዝተው ሰቀሉት። «ቢጫ ነው አላልክም?» አሉኝ ተቆጥተው። ብዛቱም ያነቃል፤ ጋሼ እስካሁን ሦስቱን አላወረዱም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ መጠቅለል ነው። አንድ ወጣት ነጩን አምፖል በቀይ ፌስታል ጠቅልሎ ጠራኝ፤ «ሽታ አለው» ብሎ። ፌስታሉ ቀልጦ አምፖሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። አትጠቅልሉ። በጨርቅም፣ በወረቀትም፣ በስኮችም። አዲስ አምፖል ከፍራሽ ይረክሳል።

ምልክት፦ ከጠፋ በኋላ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ያበራል።
ማብሪያው ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ሽቦ (በፌዝ) ፈንታ መላሹን (ኒውትራሉን) ሲቆርጥ ወይም ማብሪያው ላይ ትንሽ አመልካች መብራት ሲኖር ነው። የመጀመሪያው አደገኛ ነው፤ ጠፍቷል ብላችሁ ስትነኩ ይይዛችኋል። ባለሙያ ጥሩ።

ምልክት፦ ማታ ዓይን ይደክማል፣ ራስ ይከብዳል።
በስልክ ካሜራ እዩት፤ ጥቁር ሰረዝ ሰረዝ ከታየ አምፖሉ እየተርገበገበ ነው። ርካሽ ዕቃ ነው፤ አይጠገንም፣ ይጣላል።

ምልክት፦ የጎረቤት ፓውዛ በመስኮት ይገባል። ወፍራም መጋረጃ፤ ካልሆነም ጎረቤትን በትህትና።

ምልክት፦ ለሱሁር ወይም ለሽንት ተነስቶ እንቅልፍ መቅረት። ዋናውን አታብሩ፤ ኮሪደር ላይ አንዲት ደብዛዛ ቢጫ መብራት ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉ።

መብራቱ ሁሉ ተስተካክሎም እንቅልፍ እምቢ እንዳለ ከዘለቀ፣ ጥፋቱ ከእኔ ዕቃ አይደለምና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ሱቅ ውስጥ የምትቀመጡ ደግሞ ጠዋት ደጅ ወጣ በሉ፤ በጉም ቀን እንኳ ደጅ ያለው ብርሃን ከክፍሉ ብዙ እጥፍ ነው፣ ቀን ብርሃን የጠገበ ሰው የማታው መብራት ያን ያህል አያውከውም።

የወለቀውን ነጭ አምፖል ግን አትጣሉት። የሰኞ ገበያዋ እናት እንቅልፉ ከተመለሰላቸው በኋላ ቡናቸውንም ጀመሩ (ማታ ባይሆን ብዬ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ)። 18 ዋቱን ምጣድ ቤት ሰቅለውታል። «አሁን የእንጀራው ዓይን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል» አሉኝ።