ከሰልፋሜቶክሳዞል የሚሠራ የመዳብ ኮምፕሌክስ፦ በፈንገስና በዲኤንኤ ሙከራ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሰልፋሜቶክሳዞል የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከሳሊሲላልዲሃይድ ጋር አዋሕዶ ሺፍ ቤዝ የሚባለውን ሊጋንድ (ብረትን የሚይዝ ሞለኪውል) መሥራት፣ ሊጋንዱን ከመዳብ ጋር አቆራኝቶ ኮምፕሌክስ ማድረግ፣ ከዚያም ውጤቱን ካንዲዳ አልቢካንስ በተባለው ፈንገስና በዲኤንኤ ላይ መፈተሽ በድኅረ ምረቃ ቤተ ሙከራዎች የተለመደ ሥራ ነው። ውጤቱ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር በቅድሚያ የሚጠረጠረው ፈንገሱ ወይም ዲኤንኤው ነው፤ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ግን ውሁዱ ራሱ ነው።

የሰልፋሜቶክሳዞሉ ዱቄት በሰፊ የሙቀት ክልል ከቀለጠ

መድኃኒቱ ከኮትሪሞክሳዞል ክኒን የወጣ ከሆነ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በተለመደው ክኒን ውስጥ ከ400 ሚሊግራም ሰልፋሜቶክሳዞል ጋር 80 ሚሊግራም ትራይሜቶፕሪም አለ፤ እሱም መዳብን የመያዝ ዝንባሌ ስላለው ቀጣዩን ሥራ ሁሉ ያበላሻል። የተፈጨው ክኒን በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲበጠበጥ አሲዳማው ሰልፋሜቶክሳዞል ይሟሟል፣ ትራይሜቶፕሪምና የክኒኑ ሙሊት በአብዛኛው ሳይሟሙ ይቀራሉ። ከተጣራ በኋላ ቀጭን አሲድ በጠብታ እየተጨመረ ፒኤች ወደ 4 እና 5 መካከል ሲወርድ ነጩ ዱቄት ይዘቅጣል፤ አሲዱ ከልክ ካለፈ ግን የዘቀጠው መልሶ ይሟሟል። ታጥቦ የደረቀው ዱቄት ከ168 እስከ 172 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል መቅለጥ አለበት።

ሊጋንዱ ሳይጠናቀቅ ከቀረ

በኢንፍራሬድ ስፔክትረም ላይ ከ3300 በሴንቲሜትር (cm⁻¹) በላይ ያሉት የአሚን ሁለት ጫፎች ካልጠፉ ጥምረቱ አልተጠናቀቀም። ውህደቱ ውሃ እያወጣ የሚካሄድና ወደ ኋላም የሚመለስ ስለሆነ መፍትሄው ውሃ የሌለበት ኤታኖልና ውሃ የሚመጥ ባለ 3 አንግስትሮም ሞለኪዩላር ሲቭ መጠቀም ነው። የአሴቲክ አሲድ ጥቂት ጠብታዎች ያፋጥኑታል፤ ሲበዙ ግን አሚኑን ይይዙትና ሥራውን ይገቱታል። የመዳብ ኮምፕሌክሱ በኤንኤምአር (የሞለኪውልን አሠራር በማግኔት በሚያሳይ መሣሪያ) ላይ የተንዛዛ ወይም የጠፋ ምልክት ቢያሳይ ጉድለት አይደለም፤ የመዳብ መግነጢሳዊ ባሕርይ ነው፤ በዚንክ የተሠራ አቻው ለዚህ ይረዳል።

ፈንገሱ ካልተገታ፣ ወይም ሁሉም ነገር ከገታው

በአጋር (ፈንገሱ በሚያድግበት ጄል) ላይ በተቀመጠው፣ ውሁዱን በያዘው ዲስክ ዙሪያ ፈንገስ ያላደገበት ክብ አለመታየቱ ውሁዱ ኃይል የለውም ማለት ላይሆን ይችላል፤ በውሃ በደንብ የማይሟሟ ኮምፕሌክስ በአጋር ውስጥ አይሰራጭም። ስለዚህ በፈሳሽ ማሳደጊያ የሚደረገው የማቅጠን ዘዴ ይመረጣል፦ አርፒኤምአይ 1640 የተባለው ፈሳሽ ማሳደጊያ፣ ፒኤች 7.0፣ 35 ዲግሪ፣ በሚሊሊትር ከ500 እስከ 2500 ሕዋስ። ውሁዱ የሚሟሟበት ዲኤምኤስኦ ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዝቃጭ እንደ ዕድገት ተቆጥሮ ስለሚያሳስት ፈንገስ ያልገባበት ጉድጓድ በየመጠኑ ይዘጋጅ። ይህ ማሳደጊያ ሂስቲዲንና ግሉታታዮን ስለያዘ መዳቡን ከሊጋንዱ ሊነጥቅ ይችላል። ኃይሉ የኮምፕሌክሱ መሆኑ የሚታወቀው መድኃኒቱ፣ ሊጋንዱና የመዳብ ጨው ለየብቻቸው ሲፈተሹ ነው፤ መዳብ ብቻውን ፈንገስን ስለሚጎዳ የጨው ረድፍ የሌለበት ሠንጠረዥ በእኔ ግምት ብዙ አያሳምንም። ለሙከራው ትክክለኛነት ፍሉኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት እና ማመሳከሪያ የሆነው የፈንገስ ዝርያ ካንዲዳ ፓራፕሲሎሲስ ኤቲሲሲ 22019 አብረው ይግቡ።

የዲኤንኤው ንባብ ትርጉም ካጣ

ዲኤንኤው በ260 እና በ280 ናኖሜትር ያለው የምጠት ምጥጥን ከ1.8 ካነሰ ፕሮቲን አልጸዳም፤ መጠኑ በኑክሊዮታይድ 6600 በሚለው የምጠት ቁጥር ይሰላል። ለበፈሩ (ፒኤችን ለሚያጸናው ሙሙት) ፎስፌት መዳብን ስለሚያዘቅጥ ትሪስ ይሻላል። ዲኤንኤ በተጨመረ ቁጥር ምጠቱ ያለማቋረጥ ከጨመረ የራሱ የዲኤንኤው ምጠት ስላልተቀነሰ ይሆናል፤ በማነጻጸሪያው ኩቬትም እኩል ዲኤንኤ ይጨመር። ውሁዱ ብርሃን በማይመጥበት፣ ለምሳሌ ከ600 ናኖሜትር በላይ፣ መነሻ መስመሩ ከፍ ካለ ግን ዝቃጭ ብርሃን እየበተነ ነው፤ እዚያ ላይ የሚሰላ ቁጥር ሁሉ ባዶ ነው። ኮምፕሌክሱ ብቻውን በበፈሩ ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ በ325 ናኖሜትር አካባቢ የሳሊሲላልዲሃይድ ምልክት ብቅ ካለ ሊጋንዱ በውሃ እየፈረሰ ነው፤ ሙሙቱ በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጅ።

ውሁዱ ዲኤንኤውን የሚይዝበትን ጥንካሬ የሚገልጸው የማሰሪያ ቋሚ፣ ከዲኤንኤ መጠን አንጻር የሚሠራው መስመር ተዳፋት መስመሩ ቀጥ ያለውን ዘንግ ለሚያቋርጥበት መነሻ ነጥብ ተካፍሎ የሚገኝ ስለሆነ መነሻው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ወይም አሉታዊ ሲሆን ቁጥሩ ይዘላል፤ የዲኤንኤውን የመጠን ክልል ማስፋት ያስፈልጋል። በዲኤንኤው ቤዞች መካከል ገብቶ የሚፈካው ቀለም፣ የኤቲዲየም ብሮማይድ፣ ፍካት መቀነሱም ብቻውን ውሁዱ በቤዞቹ መካከል ገባ አያሰኝም፤ ኮምፕሌክሱ ራሱ ብርሃኑን ሊመጥ፣ መዳቡም ፍካቱን ሊያጠፋ ይችላልና። የምጠቱ እርማት ከተደረገ በኋላ የዝልግልግነት ልኬት ይጨመር፤ በቤዞቹ መካከል የሚገባ ውሁድ ዲኤንኤውን ስለሚያስረዝመው ሙሙቱ በካፒላሪው ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ይጨምራል፣ በዲኤንኤው ጠመዝማዛ ውጫዊ ቦይ ላይ ብቻ የሚያርፍ ውሁድ ግን እምብዛም አይለውጠውም።