ከመንገድ ዳር ጥገና በኋላ የሞተር ሳይክል ጎማ ንፋስ አልይዝ ሲል

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ጢስ ዓባይ ሲጓዝ ጎማ የተነፈሰበት አሽከርካሪ ቀዳዳውን ለጥፎ ካላማዳሪውን (በጎማው ውስጥ ንፋስ የሚይዘውን የላስቲክ ቱቦ) ወደ ቦታው ሲመልስ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የጥገናው ስህተት የሚገለጠው ንፋስ መሙላት ሲጀመር ነው።

ፓምፑ እየተገፋ ጎማው ምንም ካልተነፋ በመጀመሪያ መታየት ያለበት የፓምፑ አፍ ነው። በባሕር ዳር የብስክሌት ፓምፕ በቀላሉ ይገኛል፤ ሆኖም የበርካታ ብስክሌቶች ቫልቭ ከሞተር ሳይክል ቫልቭ ስለሚለይ የፓምፑ አፍ በቫልቩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መርፌ ወደ ውስጥ ካልገፋት ንፋሱ በጎን ይወጣል። በቫልቩ ጥርስ ላይ ተጠምዝዞ የሚታሰር ቱቦ ያለው ፓምፕ ይህን ችግር ያስቀራል።

ንፋሱ ገብቶ ወዲያው ከተነፈሰ ግን ፓምፑን መውቀስ አይገባም። ካላማዳሪው ሲወጣ ከተለጠፈው ቦታ ራቅ ብሎ አጭር ስንጥቅ ወይም ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ከተገኙ፣ ካላማዳሪውን የነከሰው ጎማውን ለመመለስ የገባው ማውለቂያ ብረት ነው። ይህ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥም ጥፋት በመሆኑ ጥንቃቄው በዚህ ላይ ቢበዛ ይሻላል። ካላማዳሪው ከመግባቱ በፊት ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ጥቂት ንፋስ ይሰጠው፤ አስቀድሞ የገባው የጎማ ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ክፍል ይገፋ፤ የመጨረሻው ክፍል በቫልቩ በኩል ሆኖ በተቻለ መጠን በእጅ ወይም በተረከዝ ይግባ። የጎማው ውስጥም በጣት ሳይሆን በጨርቅ ይዳሰስ፤ ጫፉ ብቻ የቀረ የግራር እሾህ ጨርቁን ይይዘዋልና። ልጥፉ ራሱ ከተነሣ፣ ቦታው በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አልተፋቀም ወይም ማስቲሹ ሳይደርቅ ተለጥፏል ማለት ነው።

ቫልቩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ካላማዳሪው ተጣሟል፤ እንዲሁ ከተነዳበት ቫልቩ ከሥሩ ይቀደዳል። ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ጎማው በቸርኬው ላይ ዞሮ ቫልቩ ከተቃና በኋላ እንደገና ይሞላ። የቫልቩን ዳዶ ከቸርኬው ጋር አጥብቆ ማሰር ይህን ምልክት ስለሚደብቅ ላላ ብሎ መተው ይሻላል።

ሞተሩ ሲነዳ የሚንገጫገጭ ከሆነ፣ በጎማው ጎን ከቸርኬው አጠገብ የሚዞረው ቀጭን መስመር ይታይ። በአንድ ቦታ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ጠርዙ በቦታው አልተቀመጠም። ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሶ፣ በጎማው ጎን ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ሳያልፉ መንፋት፣ ከዚያም ወደ መደበኛው መጠን መቀነስ ያስፈልጋል።

መደበኛው መጠን በጎማው ላይ የተጻፈው ሳይሆን የሞተሩ አምራች ያወጣው ነው። ከ100 እስከ 150 ሲሲ ባላቸው በርካታ ሞተሮች የፊቱ 25 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ፣ የኋላው ደግሞ እንደ ጭነቱ ከ28 እስከ 32 ፒኤስአይ ይሆናል። በእግር መትቶ መገመት በቂ ስላልሆነ፣ ከተማ ሲደረስ ጎሚስታ ዘንድ በመለኪያ ይረጋገጥ፤ ጎማው በጉዞ ሲሞቅ መለኪያው ከፍ ብሎ ስለሚያሳይ በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ደግሞ መለካት ያሻል። በዚያን ጊዜ ንፋሱ ቀንሶ ከተገኘ በቫልቩ አፍ ላይ ጥቂት የሳሙና ውሃ ይደረግ፤ አረፋ ከወጣ መርፌዋን ማጥበቅ ወይም መቀየር ይበቃል፤ ካልወጣ ግን ካላማዳሪው ወጥቶ በውሃ ይፈተሽ።