ሳማ ከጦሳ ግርጌ እስከ ድስት

ሳማ ያላቃጠለው የደሴ ልጅ አላውቅም። እኔ በስድስት ዓመቴ ከጎረቤት አጥር ጥግ ኳስ ላወጣ ገብቼ እግሬ ሙሉ ተቃጥሎ አልቅሻለሁ። ያን ዕለት ማታ አያቴ ያንኑ ሳማ ቀንጥሳ ወጥ ሠርታ አቀረበችልኝ። እምቢ ስላት «ያቃጠለሽን ብዪው፤ ከዚያ ወዲያ አትፈሪውም» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሳማ ፍግ ያረፈበትን አፈር ይወዳል። በረት ጀርባ፣ የፈረሰ ቤት ላይ፣ የድንጋይ ካብ ሥር ፈልጉት። ብርድም ይስማማዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በቦሩ ሜዳና በኩታበር መንገድ እንደ ልብ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ሙቀቱ እየበረታ ሲመጣ፣ ይሳሳል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ክረምት ላይ እኛ ዘንድ ስትመጣ ዘንቢሏን ይዛ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ሲሆን ስሙ ከሰሜን ተራሮች የመጣ ነው።

ከአስፋልት ዳር ግን አትቀንጥሱ፤ የመኪና ጭስና አቧራ ይቀመጥበታል። ከቦርከና ወንዝ ዳርም፣ የከተማ ፍሳሽ የሚወርድበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር እለፉት። የአረም መድኃኒት የተረጨበት ማሳ አጠገብ ያለውንም እንደዚያው።

ጊዜው ዝናብ ከጣለ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በበልግም ይገኛል፤ ዋናው ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ካበበ አይበላም ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስሠራ ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነልኝ ብቻ ያበበውን ለቅሜ፣ ወጡ አሸዋ የገባበት ይመስል ጥርስ ላይ ተንኳኳብን። የሚፈለገው ጫፉ ላይ ያለው ለጋ፣ ከአራት እስከ ስድስት ቅጠል ብቻ ነው።

ለመቀንጠስ ወፍራም የላስቲክ ጓንት አድርጉ፣ እጅጌያችሁንም አውርዱ። አያቴ የተሰነጠቀ እንጨት እንደ ወረንጦ እየያዘች ነበር የምትቀነጥሰው። ፌስታል ስስ ስለሆነ እሾኹ ያልፈዋል፤ ማዳበሪያ ወይም ዘንቢል ይሻላል። ቅጠሉና ግንዱ ላይ ያለው ፀጉር ውስጡ እንደ ቱቦ ክፍት ነው፤ ስትነኩት ጫፉ ይሰበርና የሚያቃጥለውን ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ይለቃል። ቢያቃጥላችሁ አትከኩት፤ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እጠቡት። እኛ ሠፈር ቱልት የሚባል ቅጠል ቀጥፈው ያሹበታል። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው ሐኪም ቤት።

ቤት ስትገቡ ጓንቱን አታውልቁ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ በማማሰያ እያገላበጣችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት። ለአራት ሰው አንድ ዘንቢል ሙሉ ያስፈልጋል፤ ብዙ ይምሰላችሁ እንጂ ሲበስል ከእፍኝ ብዙም አይተርፍም። በፈላ ውኃ ጨምራችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀቅሉት፤ ማቃጠሉ እሳት ላይ ያበቃል። ከዚያ አውጥታችሁ በማማሰያ እስኪልም ምቱት። የቀቀላችሁበትን ውኃ አትድፉ።

ሽንኩርት በዘይት አቁሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ የቀቀላችሁበትን ውኃ አፍሱበት። ሁለት ሦስት ማንኪያ የባቄላ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩና ሳማውን መልሱ። ጨው፣ ቃሪያ፣ በዝግታ ሃያ ደቂቃ። ዱቄት ከበዛ የሳማው ጣዕም ይጠፋል፤ በዚህ ከእህቴ ጋር ሁሌም እንከራከራለን።

ሳማ ወጥ እንግዳ ፊት አይቀርብም የሚሉ ዘመዶች አሉን። ምክንያቱ ይገባኛል። በ1977ቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ስንቱ ቤት ሳማ ቀቅሎ ነው የሰነበተው፤ አያቴም ልጆቿን በእሱ ነው ያተረፈችው። ያም ሆኖ እስክታርፍ ድረስ በጾም ቀን፣ ጤፍ በቤቷ እያለ፣ ሳማ ትሠራ ነበር። ሞሰቡ ላይ መጀመሪያ የምታወጣውም እሱን ነበር። እኔም እንግዳ ሲመጣ ትኩሱን በእንጀራ አቀርባለሁ፤ ያደረውን ደግሞ ጠዋት ልጆቼ በገብስ ቂጣ ይጨርሱታል።